የነጠላው ነጭ፣ የሌሊቱ ጥቁር

በጥቅምት መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ፣ እናቴን ይዤ ቴሌቪዥን ልገዛ ሄድኩና ባዶ እጄን ተመለስኩ። ዋጋው አስደንግጦኝ አልነበረም፤ ገንዘቡን ለይቼ ካስቀመጥኩ ወራት አልፈው ነበር፣ የምገዛውንም እስከ ሞዴል ቁጥሩ ድረስ አውቀው ነበር። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ኦሌድ ስለሚባለው የስክሪን ዓይነት የተጻፈውን ሳነብ፣ የተቀረጸውን ስመለከት፣ አንዱን ከሌላው ሳወዳድር ስለከረምኩ ባለቤቴ «ቤቱን ስንገዛ እንኳ ይህን ያህል አላጠናህም» እስክትለኝ ደርሼ ነበር። ባዶ እጄን የመለሰኝ እናቴ ከስክሪኑ ፊት ቆማ የጠየቀችው አንድ አጭር ጥያቄ ነው። እዚያው መልስ አጣሁለት፤ ቤት ከገባሁም በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልለቀቀኝም።

ማሩና ነጠላው

ሱቁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤታችን በመኪና ሃያ ደቂቃ ያህል ይርቃል። የቴሌቪዥኑ ክፍል ከሌላው ተከልሎ መብራቱ ደብዘዝ ተደርጓል፤ ውዶቹ በአንድ ግድግዳ ላይ ተደርድረው ሁሉም ያንኑ ፊልም ይደጋግማሉ። ድቅድቅ ባለ ጥቁር ላይ ማር ይንጠባጠባል፣ ቢራቢሮ ክንፏን ትዘረጋለች፣ ሌሊት ርችት ይፈነዳል። ማሩ ከጥቁሩ ተለይቶ እጅ ላይ የሚያርፍ ይመስላል። ወራት ሙሉ በጽሑፍ ብቻ የማውቀውን ጥቁር በዓይኔ ሳየው፣ እውነቱን ለመናገር፣ የባንክ ካርዴን ከኪሴ አውጥቼ ነበር።

እናቴ ዝም ብላ ቆይታ «ማሩስ ጥሩ ነው፤ የእኛው ቻናል እዚህ ላይ ምን ይመስላል ልጄ?» አለችኝ። አጠገባችን የነበረው ወጣት ሻጭ አማርኛውን ሲሰማ ፈገግ አለና «እማማ፣ የትኛውን ቻናል ልክፈትልዎ?» አላት። ሐበሻ ኖሯል። የነገረችውን በዩቲዩብ ፈልጎ ከፈተላት፤ በዚያ ሰዓት የሚታየው ቀደም ባለ ዓመት የተቀረጸ የጥምቀት በዓል ነበር። ጃንሜዳ በጠራራ ፀሐይ፣ ከዳር እስከ ዳር ነጠላ የለበሰ ሕዝብ። ልጁ ምን እንዳሰበ አላውቅም፣ ያንኑ ሥርጭት ከጎኑ ባለው፣ ዋጋው ግማሽ በሚሆን ሚኒ ኤልኢዲ ቴሌቪዥን ላይም ከፈተው።

እናቴ ከአንዱ ወደ ሌላው ዓይኗን አመላለሰች። ከዚያም ወደ ውዱ እየጠቆመች «የዚህኛው ሰው ነጠላ አልታጠበም እንዴ?» አለች።

ሳቅኩ። ልጁ ግን አልሳቀም። ደግሜ ሳየው እውነቷን ነው፤ በርካሹ ላይ ሕዝቡ ፀሐይ እንደመታው በረዶ ያበራል፣ በውዱ ላይ ግን ነጩ ወደ አመድማ የሚያደላ፣ ሰው ለብሶት የከረመ ነጠላ ይመስላል። ወራት ያነበብኩት ሁሉ ይህኛው የተሻለ ነው ይለኛል፤ ሰባ ዓመት ነጠላ አጥባ ያሰጣች ሴት ደግሞ አልታጠበም ትለኛለች። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ የእኔ ልብ ግን ዓይኔ ሳያይ ፈርዶ ነበር የመጣው። ሻጩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ፣ ለየትኛው ክፍል ነው? ሳሎኑ ብርሃን ይበዛበታል? ይኼ ቻናል ቀኑን ሙሉ ነው የሚከፈተው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሦስቱንም መመለስ አቃተኝ። ሸቀጡን ከመሸጥ ይልቅ እንድሄድና እንዳስብ የመከረኝ ሻጭ ከዚያ በፊት ገጥሞኝ አያውቅም።

ጧፍና ፋኖስ

ነጩ ለምን እንደደበዘዘ ምክንያቱን ሳላነበው ቀርቼ አይደለም። አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን እንደማይመለከተኝ ነገር አልፌዋለሁ። ለራሴ እንዲህ አድርጌ አስረዳሁት። ኤልሲዲ የሚባለው የቀድሞው ስክሪን ከመጋረጃ ጀርባ እንደተቀመጠ ፋኖስ ነው። መጋረጃው የቱንም ያህል ቢጠብቅ ከኋላው ያለው ብርሃን ስለሚያሾልክ፣ ጥቁር የተባለው ሁሉ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ሚኒ ኤልኢዲ የሚባለው ደግሞ አንዱን ፋኖስ በብዙ ትናንሽ ፋኖሶች ተክቶ፣ ጨለማ የሚፈለግበትን አካባቢ ለብቻው ያደበዝዛል። ኦሌድ ላይ ግን ፋኖስም መጋረጃም የለም። ወደ 8.3 ሚሊዮን የሚጠጉ ጧፎች ተሰድረዋል፤ እያንዳንዱ በራሱ ይበራል፣ በራሱ ይጠፋል። የጠፋ ጧፍ ምንም ብርሃን አያወጣም፤ ጥቁሩ ያን ያህል ጥቁር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ሁሉም ጧፎች ባንዴ ሲበሩስ? የሚስበው ኤሌክትሪክና የሚፈጠረው ሙቀት ስለሚበዛ ቴሌቪዥኑ ሁሉንም በአንድነት ዝቅ ያደርጋቸዋል። ከስክሪኑ አሥር እጅ አንዱ ብቻ ሲበራ ከ1,000 ኒት (የድምቀት መለኪያ ነው) በላይ የሚደርስ ጥሩ ኦሌድ፣ ሙሉው ነጭ ሲሆን ብዙ ጊዜ ወደ 200 ወይም 300 ኒት ይወርዳል። ፊልም የሚያይ ሰው ይህ ብዙም አይጎዳውም፤ ፊልም ውስጥ ስክሪኑን ሙሉ ነጭ የሚያደርግ ትዕይንት ጥቂት ነው፣ ውበቱም ያለው በጨለማ መካከል በሚያንጸባርቀው ትንሽ ነገር ላይ ነው። የበረዶ ሆኪ የሚወዱ ሰዎች ግን በዚሁ ሲያማርሩ አንብቤ ነበር። «ሆኪ ማን ያያል» ብዬ ነበር ያለፍኩት። ከዳር እስከ ዳር ነጭ የሆነ ምስል በእኛ ቤት ከሆኪ ሜዳ ይልቅ በየበዓሉ፣ በየእሑዱ እንደሚታይ አንድም ቀን አልመጣልኝም። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንዲሉ፣ እኔን ያስጎመጀኝ ማር የሱቁ ማር ነበር፤ የሱቁን ጨለማና የሱቁን ፊልም ይዤ ወደ ቤቴ መሄድ አልችልም።

ስለ ነገሩ ያጠራቀምኩት እውቀት ብዙ ነበር። የኮዳክ ተመራማሪዎቹ ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነውን ሥራቸውን በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1987 ማሳተማቸውን፣ ሶኒ በ2007 11 ኢንች ብቻ የሆነች ቴሌቪዥን ማውጣቱን፣ ኤልጂ በ2013 ባለ 55 ኢንቹን ለገበያ ማቅረቡን በቃሌ እወጣዋለሁ። በፊልም ጥቅል የከበረ ኩባንያ የዚህን ስክሪን መነሻ ቤተ ሙከራው ውስጥ መፍጠሩ አሁንም ያስገርመኛል። ስለ ነጠላው ግን ይህ ሁሉ ምንም አይነግረኝም።

ቤቱን ማጥናት

በሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት ስለ ቴሌቪዥን ማንበቤን ትቼ ቤታችንን ማጥናት ጀመርኩ። የሳሎናችን ትልቁ መስኮት ወደ ምዕራብ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ድረስ ብርሃኑ ቴሌቪዥኑ በሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ ያርፋል። መጋረጃውን ስዘጋ እናቴ «በጠራራ ፀሐይ ምን ጨለማ ያስመኛል?» ብላ ትከፍተዋለች፤ ቡናውም የሚፈላው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መስኮት ሥር ነው።

እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የኦሌድ ዓይነቶች እኩል አይሆኑም። ልገዛው የቆረጥኩት በ2022 ገበያ ላይ የወጣውንና ኳንተም ዶት የሚባሉ ቀለም ለዋጭ ቅንጣቶችን የሚጠቀመውን ዓይነት ነበር። ሰማያዊ ብርሃን አመንጭቶ ከፊሉን ወደ ቀይና ወደ አረንጓዴ ስለሚለውጥ ቀለሙ እጅግ የደመቀ ነው። ይሁንና በሌሎቹ ላይ የውጭውን ብርሃን የሚውጥ አንድ ሽፋን እሱ ላይ ስለሌለ፣ ፀሐይ ወይም አምፖል ሲያርፍበት ጥቁሩ ወደ ሐምራዊ ግራጫ ይሄዳል። በሌላ አነጋገር፣ ለጥቁሩ ብዬ የምከፍለው ገንዘብ በሳሎናችን ውስጥ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከንቱ ነው። ነጭ ብርሃንን በቀለም ማጣሪያ የሚያሳልፈው የኤልጂ ዓይነት በብርሃንም ውስጥ ጥቁሩን የተሻለ ይይዛል፤ እሱም ቢሆን መስኮቱን እንደ መስታወት መልሶ ከማሳየት አያመልጥም። ሳምሰንግ በ2024 ነጸብራቅ የሚቀንስ ሻካራ ገጽ ያለው ሞዴል አውጥቷል፤ ነገር ግን ሳምሰንግ ዶልቢ ቪዥን የተባለውን የፊልም ብርሃንና ቀለም ማስተካከያ ስለማይቀበል እኔን አልሳበኝም። ይህ የምርጫ ጉዳይ ነው፤ ሌላውን ሰው ላይገደው ይችላል።

ከብርሃኑ የከፋው ሰዓቱ ነበር። አንድ ማክሰኞ ቤት ሆኜ ስሠራ ቆጠርኩ፤ እናቴ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የከፈተችው ቻናል፣ ጥቂት ጊዜ ዜና ለማየት ከመቀየሯ በቀር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ በርቶ ቆየ። ቀኙን ጥግ የያዘው አርማ አይንቀሳቀስም፤ ከግርጌ ያለው ቀይ መስመርም ጽሑፉ ይለፍ እንጂ ቦታውን አይለቅም። ጧፍ ደግሞ እየበራ ያልቃል። የኦሌድ ነጥቦች ከካርቦን ውህዶች የተሠሩ ስለሆኑ በበሩ ቁጥር ይደክማሉ፣ ሰማያዊዎቹ ቀድመው፤ በአንድ ቦታ ደምቆ የሚውል አርማ የሚያርፍባቸው ነጥቦች ከጎረቤቶቻቸው አስቀድመው ሲደክሙ የአርማው ጥላ ስክሪኑ ላይ ይቀራል። አርቲንግስ የተባሉት የካናዳ የዕቃ መርማሪዎች በ2018 ስድስት ተመሳሳይ ኦሌዶችን በቀን 20 ሰዓት እያበሩ ለረጅም ጊዜ ሲፈትኑ፣ በከፍተኛ ብርሃን የዜና ጣቢያ ብቻ ሲያሳይ የኖረው የጣቢያው አርማ ታትሞበት ቀርቷል፤ የተለያየ ነገር ሲያሳዩ የኖሩት ግን ያን ያህል አልተጎዱም። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኖቹ ብዙ ተሻሽለዋል። የእናቴ ቻናል ግን አርማውን አላነሳም።

ሶኬቱ

አምራቾቹ ለዚህ ችግር ያበጁለት አንድ ዘዴ አለ፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝም እሱ ነው። ቴሌቪዥኑ በሪሞት ሲጠፋ ሙሉ በሙሉ አይተኛም። በአንዳንድ ሞዴሎች አራት ሰዓት ያህል ከበራ በኋላ ሲጠፋ፣ በሌሊት ለጥቂት ደቂቃ ነጥቦቹን እየለካ የደከሙትን ከሌሎቹ ጋር ያስተካክላል። ይህን የሚያደርገው ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ ካደረ ብቻ ነው።

እናቴ ደግሞ ማታ ከመተኛቷ በፊት ሶኬቱን ትነቅለዋለች። ሜሪላንድ ከመጣች ስምንት ዓመቷ ነው፤ አንድም ሌሊት ሳትነቅል አድራ አታውቅም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። አዲስ አበባ እያለን መብራት ሄዶ ሲመለስ እንደ ጎርፍ ነበር የሚመለሰው። የጎረቤታችን ፍሪጅና ቴሌቪዥን በአንድ ምሽት ሲቃጠሉ፣ የእኛው የተረፈው እሷ በጨለማ እየዳበሰች ሄዳ ስለነቀለችው ነው። በኋላ ስታቢላይዘር ገዛን፤ ስታቢላይዘሩንም ጭምር ትነቅል ጀመር። በክረምት ነጎድጓድ ሲያጉረመርም የሁላችንም ሥራ መሯሯጥና መንቀል ነበር። የዚያን ጊዜው ቴሌቪዥን ዕድሜው የረዘመው በእሷ እጅ ነው፤ እኔ አሁን ተነሥቼ ያችው እጅ አዲሱን ትጎዳለች ልላት ነው።

ግን ሞከርኩ። አንድ ማታ አጠገቧ ተቀምጬ «እማዬ፣ አዲሱ ቴሌቪዥን ራሱን የሚያድሰው ሲጠፋ ነው፤ ሶኬቱ ከተነቀለ ግን አይችልም» አልኳት።

«ጠፍቶ ምን ይሠራል?»

«የደከመውን እየለካ ያስተካክላል።»

ጥቂት አሰበችና «እንግዲያው አልጠፋም ማለት ነዋ» አለችኝ። «ያልጠፋ ነገር ትቶ መተኛት ደግሞ እንዴት ይሆናል?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

የቱ ክፍል?

ከዚያ በኋላ ራሴን የምጠይቀው የትኛውን ቴሌቪዥን እንደምገዛ ሳይሆን ለማን እንደምገዛ ሆነ። ለሳሎኑ ከሆነ መልሱ ግልጽ ነበር፤ ያ ግማሽ ዋጋ ያለው ሚኒ ኤልኢዲ ነጠላውን ነጭ ያደርጋል፣ አርማውን አይፈራም፣ ቢነቀልም ግድ አይሰጠውም። ይህን እያወቅኩ ልቤ አልቀበል አለ። ኦሌዱን የፈለግኩት ለእናቴም ለቤተሰቡም እንዳልሆነ ማመን ነበረብኝ። ሁሉም ከተኛ በኋላ ያለችውን የእኔን አንድ ሰዓት ተኩል ለማስጌጥ ነው የፈለግኩት፤ «ለቤታችን» እያልኩ ገንዘቡን ሳስቀምጥ የቆየሁት ግን ለዚያች ሰዓት መሆኑን ለማንም፣ ለራሴም ጭምር አልነገርኩም ነበር።

ሌላም ነገር ነበር። እኛ ቤት ከሁሉ የተሻለው ዕቃ የሚቀመጠው ሳሎን ነው። ብርጭቆው ብፌ ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ መሃል ላይ፣ ሁሉም እንግዳ እንዲያየው። ልጅ ሆኜ ዳንቴሉን ማንሳት የሚፈቀደው ለአባቴ ብቻ ነበር። በቤቱ ውስጥ ውድ የሆነውን ነገር ማንም ወደማይገባበት ክፍል መውሰድ ለእኔ ዕቃ የመደበቅ ያህል ይሰማኝ ነበር። ባለቤቴም ሐሳቤን ስነግራት መጀመሪያ ያለችው «እንግዳ ሲመጣ ታዲያ ማን ያየዋል?» ነው።

የሆነ ሆኖ ኦሌዱ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። እዚያ ያለው አንድ ጠባብ መስኮት ነው፣ ብርሃን የለም፣ ሶፋው ከግድግዳው የሚርቀው ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ለዚህ ርቀት 65 ኢንች ልክ ይመጣል። በብላክ ፍራይዴ፣ ቅናሽ በሚበዛበት ቀን፣ የገዛሁት የዘንድሮውን አዲስ ሞዴል ሳይሆን ያለፈውን ዓመት ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እንደኔ ላለ ሰው የዋጋውን ልዩነት አያህልም። ማሩን ካየሁበት ዓይነትም የተለየ ነው። ከሳጥኑ እንደወጣ ሱቅ ውስጥ ዓይን ለመሳብ የሚያደርጉትን የደመቀ አቀማመጥ አጥፍቼ ወደ ፊልም አቀማመጥ አዞርኩት፤ ልጆቹ ቀለሙ «ቢጫ ሆነ» ብለው አንድ ሳምንት አጉረመረሙና ለመዱት። እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አላጠፋሁትም። ብዙዎች አጥፋው ይላሉ፤ ኦሌድ ከምስል ወደ ምስል የሚሻገረው ፈጥኖ ስለሆነ፣ በሰከንድ 24 ምስል ብቻ ያለው ፊልም ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር እየተንቀጠቀጠ ያስቸግረኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ተውኩለት። አሮጌው ኤልሲዲ ሳሎን ቀረ። በሌላ ልተካልሽ ስላት እናቴ «ይኼ ምን አደረገ?» ብላ ከለከለችኝ።

ለገና ዋዜማ የላሊበላውን ሥርጭት ልታይ ስትዘጋጅ «ዛሬ ታች እንየው» አልኳት። የደረጃውን ብረት ይዛ ቀስ ብላ ወረደች። በእኛ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ በላሊበላ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። መብራቱን አጠፋሁ። ሥርጭቱ ጥሩ አልነበረም፤ በኢንተርኔት እንዲያልፍ ተጨምቆ ተጨምቆ፣ ጨለማው ቦታ ላይ ምስሉ እንደ ሸክላ ንጣፍ አራት ማዕዘን እየሆነ ይሰባበራል፣ ይህኛው ስክሪን ደግሞ ጉድለቱን ከአሮጌው ይልቅ አጉልቶ ያወጣዋል። ይህን ላስረዳት አፌን ስከፍት እሷ ወደ ፊት ዘንበል ብላ እያየች ነበር። ከዐለቱ ሥር የቆሙት ሰዎች አይታዩም፤ የሚታየው በየእጃቸው የያዙት ጧፍ፣ ጧፉ የደረሰበት ፊት፣ ፊቱን የከበበው የነጠላ ጠርዝ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ከክፍላችን ጨለማ ጋር አንድ ሆኗል፤ የቴሌቪዥኑ ዳር የት እንደሆነ አይለይም።

«ጧፉ ብቻ ነው የበራው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቴሌቪዥኑ አልበራም።»

ስለ ነጠላው መታጠብ ምንም አላለችም። እኔም አልጠየቅኳትም። ሥርጭቱ እየተቆራረጠ ሲያስቸግራት ሪሞቱን ተቀብላኝ አጠፋችው፤ ግድግዳውን ተደግፋ ጎንበስ ብላ፣ ሶኬቱን ነቅላ ገመዱን በሥርዓት ጠቅልላ አስቀመጠችና «ደህና እደር ልጄ» ብላኝ ወጣች። ኮቴዋ ከደረጃው እስኪጠፋ ጠበቅኩና መልሼ ሰካሁት። ከስክሪኑ ሥር ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት በራች።